እማዬ፣ ጨጓራ የለብኝም

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ፤ በስልክማ ገና ሳልጀምር «ሂሳቡ ይቆጥርብሃል፣ ዝጋው» ትይኛለሽ። (አንቺ የምታነቢላት የእህቴ ልጅ፣ አንድም መስመር እንዳትዘዪ።)

ባለፈው «ለጓደኞችህ ስለ እግዚአብሔር ትነግራቸዋለህ?» ስትይኝ «አዎ» ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ውሸቴን ነው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስንወጣ ክትፎ ቤት እንሄዳለን። እነሱ ክትፎ ያዛሉ፣ እኔ ሽሮ። «ምነው?» ሲሉኝ «ጨጓራ አለብኝ» እላለሁ። እየጾምኩ ነው ማለት አፍሬ! የጾም ምግብ በየደጃፉ በሚሸጥበት አዲስ አበባ! አክራሪ እንዳይሉኝ ይሁን፣ ወይ ሰክሬ ያዩኝን ቀን አንስተው እንዳይስቁብኝ፣ እንጃ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ከበደ። 55 ቀን ሙሉ ጨጓራውን የሚያመውን ሰው ሐኪም ቤት ይወስዱታል እንጂ ምሳ አይጋብዙትም። እውነትም አንዱ ጓደኛዬ በገዛ ገንዘቡ መድኃኒት ገዝቶልኝ መጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ነገርኩት። ሳቀብኝና «እኔ አላምንም፣ አልጾምም። አንተ ግን ለእሱ እየጾምክ በእሱ ታፍራለህ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ ደግሞ እልህ ያዘኝና የባሰ አጠፋሁ፤ በቴሌግራም ስብከት መላክ ጀመርኩ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። በሁለተኛው ሳምንት መክፈቱንም ተወው። አልፈርድበትም፣ ግማሹን እኔም ሳላዳምጥ ነበር የምልክለት።

ያኔ ደሴ ትዝ አለችኝ። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ሌላ ቀን ቡናሽን በወተት ታደርግልሽ ነበር፣ ረቡዕና ዓርብ ግን ያለ ወተት። ማን ነገራት? ቁጭ ብለሽ ስታስተምሪያት አንድ ቀን አላየሁም። አንቺም በረመዳን ቡና ስትቆዪ ሽታው እሷ ጋ እንዳይደርስ በሩን ትዘጊ ነበር።

ሰኔ ላይ የዚያ ጓደኛዬ እናት አረፉ። ምን እንደምለው ስላላወቅሁ አንቺ የምታደርጊውን አደረግሁ፤ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ወንበር ደረደርኩ፣ ውኃ አደልኩ፣ ማታ ማታ ካርታ ከሚጫወቱት ጋር አመሸሁ (ተበላሁም)። ስለ እምነት አንድ ቃል አልወጣኝም። አርባው ሲቃረብ ለፍትሐቱ ማንን እንደሚያናግር ቸገረውና «አንተ ታውቅበታለህ፣ አብረን እንሂድ» አለኝ። ሄድን። እሱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቀረ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልተጠጋም። ከቄሱ ጋር ተነጋግሬ ስመለስ ግን ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆሟል። ለምን እንዳወለቀ አልጠየቅሁትም።

«ታዲያ ተመለሰ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። አልተመለሰም። ዓርብ አሁንም ክትፎውን ያዛል። ብቻ አስተናጋጇን «ለእሱ ሽሮ፣ ቅቤ እንዳይነካው» የሚላት አሁን እሱ ነው።

በይ ወደ ዋናው ጉዳይ። የኅዳር ሚካኤል ማኅበራችን ተረኛ እኔ ነኝ። ስምንት ነን፣ አንዳችንም ጠላ ጠምቀን አናውቅም። ይኼው ጓደኛዬ «ጽዋውን ባልጠጣም ዕቃ አጥባለሁ» ብሎ ራሱን ጋብዟል። እኔ ደግሞ የተገዛ ጠላ ማቅረብ አልፈለግሁም። ጌሾው ከተጠነሰሰ በስንት ቀኑ ነው የሚደፈደፈው? ዳቦውስ ለስምንት ሰውና በር ላይ ለሚመጡት ስንት ኪሎ ዱቄት ይበቃዋል? ልጅቷ ድምፅሽን ቀድታ በቴሌግራም ትላክልኝ። ረጋ ብለሽ ንገሪኝ፣ እሱ ሂሳብ አይቆጥርም።