እማዬ ስለዛ ወረቀት

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ግፊትሽስ፣ ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት እየወሰድሽ ነው አይደል? በቴሌግራም የምጽፍልሽ ስልክ ላይ ስለማታስጨርሺኝ ነው፣ አይንሽን ከደከመሽ ሚጡ ታንብብልሽ።

ባለፈው ድንገተኛ ክፍል የወሰዱሽ ቀን አንዱ ልጅ ወረቀት ይዞ መጥቶ "ማዘር ለጥናት ነው እዚህ ጋ ፈርሚልኝ" ሲልሽ አልፈርምም ያልሽው ደግ አደረግሽ፣ አሁንም እላለሁ። ደረቱን አፍኖት ለተቀመጠ ሰው አንድ ቃል ሳያስረዱ እስኪርቢቶ ማቀበል ነውር ነው። አልፈልግም ብትይ ህክምናሽ እንደማይጓደልብሽ ሳትጠይቂው ሊነግርሽ ይገባ ነበር። በጣም ነው የተናደድኩት።

ግን ቀጥለሽ "አንቺም እንደሱ ሰው ላይ ትሞክሪያለሽ?" ያልሽኝ ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

እማ ቆቦ ሳለን ወባ የጣለችኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል አይደል፣ መስቀያ ጠፍቶ ግሉኮሱን በእጅሽ ከፍ አርገሽ ይዘሽ ያደርሽው፣ አንዱ እጅሽ ሲዝል ወደሌላው እያዛወርሽ። ከዛ ወዲህ አንቺ ዘንድ ግሉኮስ ማለት ነፍስ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ታመመ ሲሉሽ መጀመሪያ "ግሉኮስ አረጉለት?" ነው የምትይው። እኔም ነርስ ሆኜ ስጀምር እንደዛው ነበርኩ፣ በትኩሳት የተዳከመ ልጅ እግሩ ቀዝቅዞ ከመጣ ቶሎ ደምስር ፈልገሽ ፈሳሹን በፍጥነት ልቀቂለት ነው የተባልነው፣ የሰለጠኑት አገሮች መመሪያም ይሄንኑ ነበር የሚለው።

ከዛ ኬንያ ዩጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ፊስት የሚባል ጥናት ተሰራ፣ ኬንያ ኪሊፊ የምትሰራ ካትሪን ሜይትላንድ የምትባል የህጻናት ሃኪም ናት የመራችው፣ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2011 ወጣ። 3,141 ህጻናት ናቸው፣ ሁሉም በትኩሳት ክፉኛ የታመሙ፣ ደማቸው እጅ እግራቸው ጋ በደንብ የማይደርስ። በእጣ ተመደቡና ከፊሉ ፈሳሹ በፍጥነት ተለቀቀለት፣ ከፊሉ በዝግታ የሚወርደውን ብቻ ወሰደ፣ አንቲባዮቲኩና የወባው መድሃኒት ግን ለማንም አልቀረበትም። በ48 ሰአት ውስጥ በፍጥነት ከተለቀቀላቸው ከ100ው ከ10 በላይ ሞቱ፣ ካልተለቀቀላቸው 7 ያህል። ልዩነቱ ሲታይ ጥናቱ ሳያልቅ አስቆሙት።

አየሽ እማዬ ይሄን አልጋ አጠገብ ቆሞ ማንም በአይኑ ሊያየው አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም ፈሳሹ የገባለት ልጅ መጀመሪያ ላይ ይሻለዋል። ትንሿን ጥፍሩን ጫን አርጌ ስለቃት ነጭ ሆና ትቆይና ቀይዋ እስክትመለስ አንድ ሁለት ሶስት ብዬ እቆጥራለሁ፣ ፈሳሹ ሲገባ ቶሎ ትመለሳለች፣ እናቱም እኔም ተመስገን እንላለን፣ ቆይቶ ነው ልቡ የሚደክመው። ያኔ ደግሞ በሽታው ጸንቶበት ነው እንላለን፣ ለስንት አመት እንደዛ ስንል እንደኖርን ሳስበው ያመኛል። (ተቅማጥና ትውከት ውሃውን የጨረሰበት ልጅ ሌላ ነገር ነው፣ እነሱ ጥናቱ ውስጥ የሉም፣ ፈሳሽ ያስፈልጋቸዋል፣ ለጎረቤት ስታወሪ እንዳይምታታ።)

ደግሞ እዛ ወላጆቹን እንዴት እንደጠየቁ ስሚኝ፣ ልጁ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ እያለ ረጅም ወረቀት ማንበብ ስለማይቻል እናትየው በአጭሩ ተነግሯት በቃሏ እሺ ወይ እምቢ ትላለች፣ ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ሙሉው ተብራርቶላት ትፈርማለች። አንቺ ጋ የመጣው ልጅ ያጓደለው ይሄን ነው።

እኔ የምሰራው ጥናት መድሃኒት የሚሞከርበት አይደለም። ትኩሳት ይዞት የገባ ሰው በር ላይ ከደረሰ በስንት ደቂቃ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ እንዳገኘ ሰአቱን እየያዝኩ እጽፋለሁ፣ ካርድ ለማውጣት ስንት ደቂቃ ሄደ፣ መድሃኒቱን ከውጪ ገዝተው እስኪመጡ ስንት፣ አልጋ እስኪገኝ ስንት። ተረኛው እየሮጠ ስለሆነ ማን ልብ ይለዋል፣ ሳይጻፍ ደግሞ የቱጋ እንደሚዘገይ ማንም አያምንሽም።

ሌላ ቀን ወረቀት ይዘው ከመጡ ደውይልኝና ስልኩን ላውድ አርጊው፣ እኔ እየሰማሁ ያስረዱሽ፣ ከዛ መፈረም አለመፈረሙ ያንቺ ነው።

ያኔ ቆቦ ግሉኮሱ ውስጥ ለወባው ኩዊኒን ጨምረውበት እንደነበር ነግረሽኛል፣ ያዳነኝ እሱ ይመስለኛል። ግን ስንት ሰአት እንደቆምሽ ነግረሽኝ አታውቂም። ከምሽቱ ስንት ሰአት ተሰቀለ፣ ስንት ሰአት አለቀ? ቅዳሜ ስደውል ንገሪኝ እሺ እማ።