ዝናው የሕዝብ ነው፤ ማስተሩ የማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ድምፃውያንና «ዘ ዊክንድ» በሚል ስም ስለሚታወቀው አቤል ተስፋዬ የምታወጧቸውን ጽሑፎች አንድም ሳላስቀር አነባለሁ፤ ብዙም ተምሬባቸዋለሁ። ይሁንና አብዛኞቹ ስንት ሰው አዳመጠው፣ ስንት ሽልማት ወሰደ፣ የትኛውን ስታዲየም ሞላ የሚለው ላይ ይቆማሉ። ድምፁ መጀመሪያ የተቀረጸበት ዋና ቅጂ፣ ማስተር የሚሉት፣ በማን እጅ እንዳለ፣ ውሉ ምን እንደሚል፣ ድምፃዊው ሲሞት ማን እንደሚወርሰው የሚነግረኝ ጽሑፍ ግን እስካሁን አላገኘሁም። እኔ ከ1979 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ እዚሁ ባሕር ዳር ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ካሴት ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝና ስለ ዝናና ስለ ቅርስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚመጣብኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በአንዲት ሴት ታሪክ ልጀምር። ዊሊ ሜይ ቶርንተን የአላባማ ተወላጅ ጥቁር ድምፃዊት ነበረች፤ በቁመናዋና በድምፅዋ ግዝፈት «ቢግ ማማ» ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ1952 «ሃውንድ ዶግ» የተሰኘውን ዘፈን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቀረጸች፤ ሸክላው በተከታዩ ዓመት ወጥቶ በጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ ላይ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከሦስት ዓመት በኋላ ነጩ አሜሪካዊ ዘፋኝ ኤልቪስ ፕሪስሊ ያንኑ ዘፈን በራሱ ስልት አወጣውና በሚሊዮን የሚቆጠር ሸክላ ሸጠ፤ ዓለምም ዘፈኑን የእሱ አድርጎ ያዘው። እሷ ከዚያ ሁሉ ያገኘችው አንድ የ500 ዶላር ቼክ ብቻ እንደሆነ በኋላ ተናግራለች። እ.ኤ.አ. በ1984 ስትሞት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ መቃብር ተቀበረች። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ስሟን ያስገባው በ2024 ነው፤ ከሞተች ከአርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ የሚመስለው አንባቢ ካለ ዓለማየሁ እሸቴን ያስታውስ። ዓለማየሁ በወጣትነቱ የኤልቪስን ፀጉር አበጣጠርና የመድረክ አኳኋን ይከተል ስለነበር የውጭ ጸሐፊዎች «የአቢሲኒያው ኤልቪስ» ይሉት ነበር። የጥቁር አሜሪካዊው ድምፃዊ የጄምስ ብራውንም ጩኸት በድምፁ ውስጥ ይሰማል። እንግዲህ ኤልቪስ አዘፋፈኑን ከነማን ተማረ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ከቶርንተንና ከመሰሎቿ ደጅ ያደርሰናል። የጥቁሮቹ ዘፈን በነጭ ወጣት በኩል ዞሮ አዲስ አበባ ሲገባና ከዚያም በሬዲዮ እስከ ጣና ዳር ሲደርስ የሴቲቱ ስም ግን መንገድ ላይ ቀርቶ ነበር። ስም እንዲህ የሚጠፋው ሰዎች ክፉ ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም፤ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ከዘፈኑ ጋር አብሮ ስለማይጓዝ ነው።

ቤሲ ስሚዝም እንዲሁ ናት። «የብሉዝ ንግሥት» ትባል የነበረችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ1937 ሚሲሲፒ ውስጥ በመኪና አደጋ ስትሞት ፊላደልፊያ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጥቶ ቀበራት፤ መቃብሯ ላይ ግን እስከ 1970 ድረስ የስም ድንጋይ አልነበረም። ድንጋዩን ያቆሙላት ዘፋኟ ጃኒስ ጆፕሊንና በልጅነቷ ቤሲ ቤት ትሠራ የነበረች ሁዋኒታ ግሪን የተባለች ሴት ገንዘብ አዋጥተው ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመት! ያ ሁሉ ሸኚ እያለቀሰ ወጥቶ፣ ድንጋይ የሚያስቀርጽ አንድ ሰው እስኪገኝ ይህን ያህል ዘመን አለፈ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሌሎችን ለመክሰስ አይደለምና። በ1984 ዓ.ም. ከዘጌ በኩል የመጣ፣ ጠጅ ቤት እየዞረ የሚያዜም አንድ አዝማሪ ነበር። አንድ ምሽት መንገዱ ጭር ሲል ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ፣ ባለ ሁለት ዴክ ቴፔን ከፍቼ፣ ማሲንቆውንና ድምፁን በአንድ ስድሳ ደቂቃ ካሴት ቀረጽሁት። 120 ብር ሰጠሁት፤ ተሳስመን ተለያየን። ውል አልነበረንም፤ ውል የሚባለውን ነገር ሁለታችንም አላነሳነውም። ከዚያም ከሦስት መቶ የማያንስ ቅጂ አባዝቼ ሸጥሁ፤ በካሴቱ ልባስ ላይ «የጎጃም ማሲንቆ ቁጥር 2» የሚል ርዕስና የሱቄን ስልክ ጻፍሁበት እንጂ የሰውየውን ስም አልጻፍሁም። የዚያን ጊዜ ነገሩ ስህተት መሆኑ ጨርሶ አልታየኝም። አዝማሪ ሁሉ አንድ አዝማሪ ይመስለን ነበርና።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ አንድ የታወቀ ድምፃዊ ባወጣው አልበም ውስጥ ከዚያች ካሴት አንዱን ዜማ ሰማሁ። ዜማውን አዝማሪው ወንድሙ ጣና ላይ በታንኳ ሲሄድ ማዕበል በወሰደው ጊዜ ያወጣው መሆኑን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ፤ ግጥሙ ላይም የወንድሙ ስም ነበረበት። በአዲሱ አልበም ላይ የወንድሙ ስም ተሰርዞ በቦታው የሴት ስም ገብቷል፤ በልባሱም ላይ ከዘፈኑ ርዕስ ጎን «ሕዝባዊ» ተብሎ ተጽፏል። ያች ቃል እስከ ዛሬ ታሳምመኛለች። በእርግጥ የማን እንደሆኑ የማይታወቁ፣ ከዘመን ዘመን የተቀባበልናቸው ሕዝባዊ ዜማዎች ሞልተውናል፤ ነገር ግን ደራሲውን ለመፈለግ ያልተፈለገበት ዜማ ሁሉ ሕዝባዊ እየተባለ ሲመዘገብ ሕዝብ የሚለው ስም የአንድን ሰው ድካም መሸፈኛ ይሆናል። በአሜሪካም የጥቁሮቹ ብሉዝ በዚሁ ዓይነት ባለቤት እንደሌለው ነባር ዜማ እየተቆጠረ ሌላ ሰው በስሙ ያስመዘገበው ጥቂት አይደለም።

የነገሩ ክብደት ግን የገባኝ ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። አንዲት ወጣት ሴት ቤቴን ጠይቃ መጣችና «ጋሼ፣ የአባቴ ድምፅ እርስዎ ዘንድ አለ ይባላል» አለችኝ። አዝማሪው ካረፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ፎቶግራፍ እንኳ የላቸውም። ዕቃ ቤት ካስቀመጥኋቸው ሣጥኖች ውስጥ ማስተሩን ፈልገን አገኘነው። የባሕር ዳር ክረምት እርጥበቱ ይታወቃል፤ ክሩ ሻግቷል። የመጀመሪያው ገጽ እየተንተባተበ ተጫወተ፤ ሁለተኛው ገጽ ግን ተጣብቆ እንቢ አለ። ልጅቱ ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥ ብላ፣ ቆማ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ሠላሳውን ደቂቃ ሰማች። ምን ከፈልኸው ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቁር አሜሪካውያኑ ይህን ዓይነቱን ነገር ብዙ ተጎድተውበት ተምረውታል። ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአዲስ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል የማስተሮቹ ባለቤት ራሱ እንዲሆን ጠይቆ ተፈቀደለት፤ በዚያ ዘመን ይህ ለነጭ ዘፋኝም ያልተለመደ ነበር። በዚያው ዓመት ቤሪ ጎርዲ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ዲትሮይት ላይ በኋላ ሞታውን የተባለውን የሸክላ ድርጅት ጀመረ። ሳም ኩክም የራሱን የሸክላ ድርጅትና የዜማ መብት አስተዳዳሪ አቋቋመ። በእኛም አገር አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የመንግሥትን ሞኖፖል ተጋፍቶ የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ ሲጀምር የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣው ለዚያው ለዓለማየሁ እሸቴ ነው። ፓሪስ ውስጥ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ አልበም የዚያ ዘመን ሥራዎች እንደገና ታትመው ዓለም ሊሰማቸው የቻለው የቀረጻው ባለቤት ታውቆ ፈቃድ የሚሰጥ ሰው ስለተገኘ ነው። ሙላቱ አስታጥቄንም እዩት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሌ ከእሱ ዜማ ወስደው ሲዘፍኑ ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ተመዘገበ። ከኒውዮርክና ከጃማይካ የመጡ ሰዎች ለኢትዮጵያዊ ደራሲ ያደረጉትን እኔ ከሱቄ አጠገብ ላለ ሰው አላደረግሁም።

ባለቤት መሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ፕሪንስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከኩባንያው ጋር ተጣልቶ ጉንጩ ላይ «ባሪያ» ብሎ እየጻፈ መድረክ ላይ የወጣው፣ ስሙንም ወደ ምልክት የለወጠው ለማስተሮቹ ሲል ነበር፤ በ2014 ተሳክቶለት ባለቤትነቱን አስመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ኑዛዜ ሳይተው ሞተ፤ 156 ሚሊዮን ዶላር የተገመተው ንብረቱ እስኪከፋፈል ከስድስት ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ከረመ። አሬታ ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ2018 ስታርፍ ልጆቿ ኑዛዜ የለም ብለው ነበር፤ በኋላ በእጇ የተጻፈ ወረቀት ከሶፋዋ ትራስ ሥር ተገኘና ወንድማማቾች በእሱ ሲካሰሱ ቆይተው በ2023 ሚሺጋን ውስጥ ዳኞች አጸደቁት። ጄምስ ብራውን ከንብረቱ ለድሆች ልጆች ትምህርት እንዲውል የተናዘዘው ገንዘብም ከአሥር ዓመት በላይ በክርክር ታግዶ ነበር። አሸናፊዎቹ እነዚህ ከሆኑ ሌላው ምን ይሁን?

ወጣቶች ይህ ሁሉ የድሮ ነው፣ አሁን ዘመኑ ተለውጧል ይሉኛል። አመሻሽ ላይ ከሐይቁ ዳር ስንቀመጥ የሰፈሬ ልጆች በስልካቸው የአቤልን ዘፈን እየከፈቱ ያወሩኛል፤ አማርኛ በሚነገርበት ቤት በእናቱና በአያቱ እጅ ያደገ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2021 የሱፐር ቦውልን፣ የአሜሪካን ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ የእረፍት መድረክ ብቻውን መያዙ ያኮራቸዋል፤ እኔንም ያኮራኛል። ነገር ግን ከስኬቱ ይልቅ መነሻውን ቢያጠኑ እመርጣለሁ። አቤል እ.ኤ.አ. በ2011 ሦስት አልበም የሚያህል ሥራ በኢንተርኔት በነፃ ለቆ አድማጭ ካገኘ በኋላ፣ ኤክስኦ የተባለውን የራሱን ድርጅት ይዞ ነው በተከታዩ ዓመት ከትልቁ ኩባንያ ጋር የተዋዋለው። የተለወጠው ነገር ይህ ነው፤ መሣሪያው በወጣቱ እጅ ገብቷል። ያልተለወጠው ደግሞ እዚህ ከተማ የማየው ነው፤ ልጆቹ ዘፈናቸውን በዩቲዩብ ለማስጫን የሌላ ሰው ቻናል ላይ ሲያስረክቡ በቃል ብቻ ይስማማሉ፤ ሚሊዮን ተመልካች ሲመጣ ገቢው ለቻናሉ ባለቤት ነው። በእኔ ሱቅ የተደረገው በሌላ መሣሪያ እየተደገመ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብቱ ይጠበቃል ይላል፤ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያም ደራሲዎች በጋራ ማኅበር ክፍያ የሚሰበስቡበት መንገድ ተከፍቷል። በዚህ ሕግ መሠረት የአዝማሪው ልጅ የዜማው ወራሽ ናት። ምን ይዛ ትከራከር? ማስረጃዋ አንድ የሻገተ ካሴት ነው፤ እሱም ላይ የአባቷ ስም የለም።

የአዝማሪ ሥራ ለሕጉ አስቸጋሪ ጎን እንዳለውም አልክድም። በአዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ስንኙ የማን ነው፤ የሰጪው ወይስ የተቀባዩ? ያንዱን ምሽት ቅኔ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አይቻልም ይሆናል። ቢሆንም ምሽቱን፣ ቦታውን፣ ማሲንቆውን የመታውን ሰውና ስንኙን የሰጠውን ሰው መመዝገብ ይቻላል፤ ካለማወቅ የሚሻል ብዙ እርምጃ ነውና።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየእትሙ ትንሽ ቦታ ከፍታችሁ፣ በጎጃምና በጎንደር ሙዚቃ ቤቶች በካሴት ዘመን የተቀረጹ አዝማሪዎችንና የኪነት ቡድን አባላትን ስም ከዘፈኑና ከተቀረጸበት ዓመት ጋር አውጡልን፤ ወራሽ ያላቸውም ወጥተው ይናገሩ። እንደ እኔ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ሰዎች በየዕቃ ቤታቸው ሣጥን እንዳላቸው አውቃለሁ፤ አፍረው ካልሆነ በቀር ለማምጣት እምቢ አይሉም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ካሴቶቹን ወደ ዲጂታል የሚገለብጥ ሰውና መሣሪያ ይመድቡ፤ ሥራው ብዙ ክረምት ሳያልፍ መደረግ አለበት፤ ክሩ አይጠብቅም። የእኔን አራት መቶ ያህል ካሴት ያለ ክፍያ፣ የማስታውሰውን ስም ሁሉ በወረቀት ጽፌ አስረክባለሁ።

የዚያን አዝማሪ ስም እዚህ ያልጻፍሁት ልጁ ከእናቷ ጋር ተማክራ እስክትፈቅድልኝ ነው፤ በካሴቱ ልባስ ላይ ግን «የጎጃም ማሲንቆ» ከሚለው በላይ በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። የቀረን ሁለተኛው ገጽ ነው፤ የወንድሙ ዘፈን ያለው በዚያ በኩል ነውና። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል የተጣበቀ የካሴት ክር ሳይበጥስ ማላቀቅ የሚያውቅ ባለሙያ፣ ወይም በደህና የሚሠራ የድሮ ዴክ ያለው ሰው ካለ አድራሻዬን ከዝግጅት ክፍሉ ይቀበል፤ ልጅቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ እየመጣች ትጠይቀኛለች።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ ሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ከባሕር ዳር