መጨረሻውን አስቀድማችሁ ንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የፊልም ዓምዳችሁን በየጊዜው አነባለሁ። ጸሐፊዎቻችሁ አንድ ነገር ላይ በጣም ይጠነቀቃሉ። ታሪኩን እስከ መሀል ይነግሩንና «ቀሪውን ገብታችሁ እዩት» ብለው ይተዉናል። ለአብዛኛው አንባቢ ትክክል ናቸው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ሌላ ዓይነት ተመልካችም ስላለ ነው። ከሂሱ ጎን አንድ ትንሽ ሳጥን እንድታወጡ እለምናለሁ። ማን የማን ምን እንደሆነ፣ ታሪኩ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልቅ፣ ኃይለኛ ድምፅ የት ላይ እንደሚመጣ በግልጽ አማርኛ ይናገር። መጨረሻውንም ጭምር። ማወቅ የማይፈልግ ይዝለለው። ኦቲዝም ካለባቸው ተመልካቾች ለብዙዎቹ ግን ፊልሙን መከታተል የሚችሉትና የማይችሉት በዚያች ሳጥን ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ሥራዬ ፊልም ኤዲቲንግ ነው። ታናሽ እህቴ ደግሞ ኦቲዝም አለባት። ትልቅ ልጅ ናት፤ ፊልም ነፍሷ ነው። አዲስ ፊልም ስታይ ግን ፊቷ ላይ ደስታ አይታይም። ግንባሯን ቋጥራ፣ እጇን ጨብጣ ነው የምታየው። ደስታው የሚመጣው ሲደገም ነው። ምን እንደሚከተል ካወቀች በኋላ ትዝናናለች፣ ትስቃለች፣ ንግግሩን ከተዋናዩ ቀድማ ትለዋለች። ዘመድ ሲመጣ «አሁንም ይሄንኑ? አይሰለቻትም እንዴ?» ይላል። አይሰለቻትም። የመጀመሪያው ጊዜ ለእሷ ሥራ ነው፤ መዝናናቱ ገና ከዚያ በኋላ ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ከሙያዬ ተነስቼ ላስረዳ። ፊልም ከሚናገረው ይልቅ የሚዘለው ይበዛል። ሰውዬው በር ከፍቶ ይወጣል። ቆርጠን መኪና ውስጥ እናስቀምጠዋለን። እንደገና ቆርጠን ሌላ ከተማ እናደርሰዋለን፤ ጢሙ አድጓል። ስንት ጊዜ አለፈ? ለምን ሄደ? ማንም አልተናገረም። ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል ብለን ነው የምንቆርጠው። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የፊት ነገር ነው። ሚስት የባሏን ስልክ ታያለች። ፊቷን እናሳያለን። ባልየው ሲገባ እናሳያለን። እንደገና ፊቷን። አንድም ቃል የለም፤ አዳራሹ ግን «አወቀችበት!» ብሎ ይንሾካሾካል። ያ ሁሉ ነገር የተነገረው በዓይን ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። አሚ ክሊን፣ ዋረን ጆንስና ባልደረቦቻቸው ኦቲዝም ላለባቸው ወጣቶችና አዋቂዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ከወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም የተወሰዱ ትዕይንቶችን አሳዩ። ሰዎች ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚጨቃጨቁበት፣ ብዙው ነገር በመተያየት የሚነገርበት ፊልም ነው። የተመልካቾቹ ዓይን የት የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታተሉ። ኦቲዝም የሌለባቸው በአብዛኛው የተዋናዮቹን ዓይን ነበር የሚያዩት። ኦቲዝም ያለባቸው ግን ይበልጥ ወደ አፍ፣ ወደ ሰውነትና ወደ ዕቃ ያዩ ነበር። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ የሚያነብ ሰው ተሳስቷል። ቃል የሚወጣው ከአፍ ነው። ቃሉን የሚከተል ሰው አፍ ቢያይ ምን ይገርማል? እኛ ፊልም ሠሪዎች ነን ወሳኙን ነገር ከቃል ውጭ ያደረግነው።

አፍ ማየት ለሚቀናው ሰው በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙ ድራማዎች ምን ያህል እንደሚከብዱ አስቡት። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በብዙ ቤት የማታ ጓደኛ ሆኗል። ከንፈሩ ቱርክኛ፣ ድምፁ አማርኛ። እህቴ ድራማዎቹን ትወዳለች፤ ግን ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ነው የምታዳምጣቸው። ትርጉሙን መውቀሴ አይደለም፤ በትርጉሙ ምክንያት ታሪኩን መስማት ችላለች። ፊቱን ግን ትታዋለች። ፊቱ የሚናገረውን ማን ይንገራት?

የራሳችን ፊልም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የእኛ ሰው የሚለውና የሚያስበው አንድ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው። አማት ወጥ ላሳረረች ሙሽራ «እሰይ! እንዲህ ነው ሙያ!» ትላታለች። አዳራሹ ይስቃል። ቃሉን እንደ ቃሉ የሰማ ሰው ግን ሙሽራይቱ ተመስግና ለምን እንደምታለቅስ አይገባውም። አንድ ፊልም ላይ እናት ለልጇ «አፈር ስሆን ብላ» ስትል እህቴ ሴትዮዋ ልትሞት ነው ብላ ያዘች። እስኪያልቅ ድረስ ሞቷን ጠበቀች። በዚህ መሀል ያለፈው ታሪክ ሁሉ አመለጣት። አንድ ሰው አስቀድሞ «እናቲቱ አትሞትም፤ ለልጇ ስትሳሳለት ነው» ቢላት ኖሮ ፊልሙ የሷም ይሆን ነበር።

ኦቲዝምና ሲኒማ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ መብራትና ድምፅ ነው። ይህም ይገባል። ድምፅና ብርሃን ከልክ በላይ መሰማት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሆኖ ገብቷል። ኤኤምሲ የተባለው የአሜሪካ ሲኒማ ድርጅት ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሜሪላንድ፣ ኮሎምቢያ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኦቲዝም የተስማማ ማሳያ ጀመረ። መብራቱ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ድምፁ ዝቅ ይላል። ልጁ ቢነሳ፣ ቢዘምር፣ ቢራመድ ማንም «ኧረ ዝም በል» አይለውም። በእንግሊዝም ዳይሜንሽንስ የተባለው ድርጅት ከትላልቅ ሲኒማ ቤቶች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ይሠራል። የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። በብዙ የሲኒማ ድምፅ መሣሪያ ላይ መደበኛው መጠን 7 ቁጥር ነው። ወደ 5 ማውረድ እጅ መዘርጋት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ገበያ በሌለበት ጠዋት፣ የእኛም ሲኒማ ቤቶች ሊያደርጉት ይችላሉ።

ግን ድምፁ ቢቀንስም ታሪኩ ካልተያዘ ሰውዬው በምቾት ግራ ተጋብቶ ይወጣል። የኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው።

ታሪክ አስቀድሞ መንገር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ካሮል ግሬይ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት እ.ኤ.አ. በ1991 ለኦቲዝም ተማሪዎቿ አጫጭር ጽሑፍ ማዘጋጀት ጀመረች። ወዴት እንደሚሄዱ፣ ምን እንደሚያጋጥማቸው፣ ሌሎች ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ቀድማ ትነግራቸው ነበር። የኒውዮርክ ብሮድዌይ ቴአትር ቤቶችም እ.ኤ.አ. በ2011 ኦቲዝም ላለባቸው ተመልካቾች የተስማማ ትርኢት ሲጀምሩ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ቤተሰቡ ከመምጣቱ በፊት በፎቶ የተደገፈ መግለጫ ይደርሰዋል። ልጁ አዳራሹ ሲገባ እንግዳ አይሆንም።

የኔ ሳጥን ከዚህ የተለየ አይደለም። ለምሳሌ እኔው የፈጠርኩት ፊልም ይሁን፤ እንዲህ ትጽፋላችሁ፦ «ሄለን የዳዊት እህት ናት፤ አረንጓዴ ሻርፕ የምታደርገው። ፊልሙ የሚጀምረው ዛሬ ነው፤ ከዚያ 10 ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ምስሉ ቢጫ ቢጫ ሲል ድሮ ነው ማለት ነው። ዳዊት ለሄለን ስለ ገንዘቡ ይዋሻታል፤ እሷ ታውቃለች፣ ግን የማታውቅ ትመስላለች። መሀል ላይ መኪና ይጋጫል፤ ድምፁ ኃይለኛ ነው፣ ሰው አይሞትም። መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ።» በቃ። ፎቷቸው ከስማቸው ጋር ቢኖርበት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው፤ ፊት መለየት የሚያስቸግራቸው፣ ተዋናይቱ ጸጉሯን ስትቀይር ሌላ ሰው የምትመስላቸው አሉና።

ከጋዜጣው አልፎ ለሙያ ጓደኞቼም የምለው አለኝ። ፊልማችን ውጭ ሲሄድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሥር እናደርግበታለን። እዚህ ላለው ተመልካች አማርኛውን በአማርኛ መጻፍ ግን አይታሰበንም። ስክሪፕቱ እጃችን ላይ ነው። ዩቲዩብ የጽሑፍ ፋይሉን ብንጭንለት ይቀበላል፤ የፈለገ ይከፍተዋል፣ ያልፈለገ ይዘጋዋል። ለዓይነ ስውራን የሚዘጋጀው የድምፅ ገለጻም አለ። በንግግር መሀል ባለው ዝምታ አንድ ድምፅ «ፈርታለች፤ ስልኩን ደበቀችው» ይላል። ኔትፍሊክስ ይህን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ፊት የሚናገረውን ወደ ቃል ስለሚያመጣው ለእህቴ ዓይነት ተመልካችም ይጠቅማል። በአማርኛ ፊልም ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሙዚቃውንም እናስብበት። ተመራማሪዎቹ ዳይና መሪ፣ ማይክ ሌሰርና ዌን ሎውሰን እ.ኤ.አ. በ2005 እንደጻፉት፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ትኩረቱን በጥቂት ነገር ላይ በኃይል ያሳርፋል። ሎውሰን ራሱም ኦቲዝም ስላለበት ይህን የሚለው ከራሱ ሕይወትም ተነስቶ ነው። እኛ ደግሞ ተዋናዩ ቁልፉን ምስጢር ሲናገር ከሥሩ ማሲንቆውንም ፒያኖውንም እንለቅበታለን። ንግግሩ ሲያልቅ ሙዚቃው ቢገባ ፊልሙ ምን ይጎድለዋል?

«ጥበብን እንደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ልታደርጊው ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። አይደለም። ሳጥኑም፣ ጽሑፉም፣ ገለጻውም ፊልሙ ውስጥ አንዲት ፍሬም አይነኩም። ዳይሬክተሩ የፈለገውን ያህል ይዝለል፣ የፈለገውን ያህል ይደብቅ። ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎችም አንድ ዓይነት አይደሉም። መጨረሻውን ማወቅ የማይወድ፣ ከማንም ቀድሞ ምስጢሩን የሚደርስበት ሞልቷል። ለዚህ ነው ሳጥኑ በፈቃድ የሚነበብ መሆን ያለበት።

ደግሞ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው። ራሱም ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን በደንብ ጽፎታል። እነሱ እኛን ለመረዳት እንደሚቸገሩት ሁሉ እኛም እነሱን ለመረዳት እንቸገራለን። ልዩነቱ ፊልሙን የምንሠራው እኛ መሆናችን ነው። እህቴ በአንዱ ሾት ቀኝ ጆሮ ላይ የነበረ ጌጥ በሚቀጥለው ሲጠፋ ወዲያው ታያለች። እኔና ዳይሬክተሩ ሳምንታት አፍጥጠንበት ያላየነውን። አሁን ሥራዬን ከማስረከቤ በፊት ለእሷ አሳያለሁ። ታሪኩ የጠፋባት ቦታ ላይ ስትደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነትም እኛ ያላጠበቅነው ቦታ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ፊልም ለእነዚህ ልጆች ከመዝናኛም በላይ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ሮን ሰስካይንድ የልጁን የኦወንን ነገር ጽፏል። ኦወን በሦስት ዓመቱ ገደማ ንግግሩ ጠፋ። በኋላ ደጋግሞ ካያቸው የዲዝኒ ፊልሞች ውስጥ ቃልም፣ ስሜትም፣ ከቤተሰቡ ጋር መነጋገሪያም አገኘ። ሁሉም ልጅ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ግን ፊልሙን ደጋግሞ ማየት የቻለው ቤቱ ውስጥ ስለነበረ ነው። ሲኒማ ቤት ፊልም የሚታየው አንዴ ነው። ስለዚህ ድግግሞሹ የሚሰጠውን እውቀት ቀድሞ በጽሑፍ መስጠት ያስፈልጋል።

ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን ሲመሠርቱ እንደ እሳቸው ልጅ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ከቤት አይወጡም ነበር። ለእነዚሁ ልጆች በከፈቱት ጆይ ማዕከልና በሚዲያ ባደረጉት ትግል ስለ ኦቲዝም ባደባባይ ማውራት ለመድን። እ.ኤ.አ. በ2021 አጣናቸው። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። አንቀጽ 30 ፊልምን፣ ቴሌቪዥንንና ቴአትርን በስም ጠርቶ ለሁሉም በሚደርስ መልክ እንዲቀርቡ ይጠይቃል። ፊልም ለእነሱ ቅንጦት ነው ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ ይህ ነው።

የጋዜጣ ገጽ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቦታ ከሌለ በድረ ገጻችሁ ላይ ብቻ አውጡት፤ ከሂሱ ሥር አንድ ማስፈንጠሪያ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን እኔና ሁለት የሙያ ጓደኞቼ ያለ ክፍያ እንጽፋለን። ፊልሙን ቀድመው እንዲያሳዩን ፕሮዲውሰሮቹን የምናነጋግረውም እኛ ነን። አንድ ነገር ግን እንድትስማሙበት እፈልጋለሁ። ከመውጣቱ በፊት ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ያንብቡት፣ «ይሄ ግልጽ አይደለም» ያሉትን እናስተካክል፣ ለእነሱ ደግሞ ይከፈላቸው። ለፋሲካ ከሚወጡት ፊልሞች ብንጀምር በቂ ጊዜ አለን። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ