ዓይንም ይጾማል

ውድ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እነሆ ጾሙም ሊጋመስ ነው፤ እንኳን እዚህ አደረሰሽ። ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ግን ስለ ዝምታው ሳይሆን እንድጽፍልሽ ስላደረገኝ ነገር ልንገርሽ።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምን የያዝኩት ከስልኬ ካሜራ ጋር ነው። “ይጹም ዓይን፣ ይጹም ልሳን” የሚለውን የቅዱስ ያሬድን ጾመ ድጓ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ሰምተነዋል። ከሥጋና ከወተት መከልከልን ሁላችንም እናውቅበታለን፤ የዘመኑ ዓይን ግን ከጠዋት እስከ ማታ ሲበላ ነው የሚውለው። ስለዚህ በ55ቱ ቀን ውስጥ በየዕለቱ አንድ ፎቶ ብቻ ላነሣ፣ ያነሣሁትንም ለማንም ላላሳይ ወሰንኩ። ጾም በስውር ለሚያይ አባት ነውና ፌስቡክ ላይ የሚወጣ ፎቶ ለእኔ ጸሎት ሊሆንልኝ አይችልም።

አንድ ብቻ መሆኑ ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። ያቺ አንዷ እንዳትባክን ትጠብቂያለሽ፤ ስትጠብቂ ታያለሽ፤ ያየሽውን ደግሞ ሳትጸልዪለት ማለፍ ይከብድሻል። ቤተ ክርስቲያናችንስ በዚህ ወቅት የምታደርገው ይህንኑ አይደለም? ከበሮውና ጸናጽሉ ዐርፈው ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ሲዘምሙ ከቃሉ አንዱም አያመልጥሽም።

መሪዬ የጾሙ የየሳምንቱ ስያሜ ነው። እሑድ የተሰበከውን ምስባክ፣ ማለትም ከዳዊት መዝሙር የተወሰደውን ጥቅስ፣ በቃሌ ይዤ እወጣለሁ። በምኩራብ ሳምንት ገበያ ወርጄ የአንዲት በርበሬ ሻጭ ሚዛን አነሣሁ፤ ለሻጭም ለገዢም ጸለይኩ።

የበሽተኛው ሳምንት በሆነው በመፃጉዕ ላይ ግን ቆምኩ። ለሥራ ጉዳይ ሆስፒታል ሄጄ ሳለ ከሕሙማን ክፍል በር ውጪ አንድ አግዳሚ ወንበር አየሁ። በላዩ በጥንቃቄ የታጠፈ ጋቢ፣ አጠገቡ ክዳኑ በክር የታሰረ ፔርሙዝ፣ ከሥሩ ጥንድ የላስቲክ ጫማ። ጠጋ ስል በጋቢው ጥለት ላይ የደረቀ የቡና ጠብታ ይታያል። የአስታማሚ ቦታ መሆኑ ያስታውቃል፤ ባለቤቱ ግን በአካባቢው አልነበረም። ሰውን በጭንቀቱ ሰዓት ፊቱን ማንሣት ነውር ነው፤ የዕለቱ ፎቶዬ ያ ጋቢ ሆነ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5፣ 38 ዓመት በደዌ የኖረው ሰው ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ የመለሰው “ሰው የለኝም” ብሎ ነው። ያ ጋቢ ግን ውስጥ ለተኛው በሽተኛ ሰው እንዳለው ይመሰክራል። ለአስታማሚው ጸለይኩ፤ ቀጥዬም ሰው ለሌላቸው። አንቺ ትዝ ያልሽኝ ያን ጊዜ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሰው በሽተኛ ስታገላብጪ የምታድሪው አንቺ፣ ሲደክምሽ ጋቢ ይዞ በር ላይ የሚጠብቅሽ ማን ነው? “እግዚአብሔር ይረድኦ ውስተ ዓራተ ሕማሙ” የሚለውን የሳምንቱን ምስባክ ስላንቺ ደጋግሜ አልኩት፤ ማታም ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

የፊታችን እሑድ ደብረ ዘይት ነው። ወንጌሉ ምሳሌውን ከበለስ ተማሩ ስለሚል የሰፈራችንን ሾላ ቅጠል ልጠብቅ አስቤአለሁ። አንቺ ግን ለኒቆዲሞስ ተዘጋጂልኝ። በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው ሰው ሳምንት ከማንም ይልቅ የሌሊት ሠራተኞች ነው። በጨለማ ካሜራው በቂ ብርሃን እስኪያገኝ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ ስለሚቆይ እጅሽ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ምስሉ ይደበዝዛል። ስልክሽን ግድግዳ ላይ አስደግፊና እስኪጨርስ ድረስ “አቤቱ ማረኝ” እያልሽ ጠብቂ። በሽተኛ እንዳይገባበት ብቻ ተጠንቀቂ፤ የኮሪደሩ መብራት ወይም መስኮቱ ይበቃል።

ፎቶውን አትላኪልኝ፤ ለማን እንደጸለይሽበት ግን ጻፊልኝ። ሌላም አለ፦ ትንሹ ልጅሽ ክርስትና ሲነሣ ስላልነበርኩ የክርስትና ስሙን አላውቅም። የአንቺንና የታላቁን እየጠራሁ እጸልያለሁ፤ እሱን ግን “ታናሹ” እያልኩ ነው። ስሙን ሳትውዪ ሳታድሪ ላኪልኝ። እኔንም ወለተ ማርያም እያልሽ አስቢኝ።

የምትወድሽ እህትሽ