ስለ ዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን የወጣው ንጽጽር ይስተካከል

ለአዘጋጁ፦ ስለ ዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ያወጣችሁት ጽሑፍ ፋኮ (ሞራ የያዘውን ሌንስ በአልትራሳውንድ ሰባብሮ የሚያወጣው ዘዴ) ከሌሎቹ ሁሉ ችግሩ ያነሰ ነው ብሎ መደምደሙ ልክ አይመስለኝም። እርግጥ ድሮ ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ተቀዶ በክር ይሰፋ ከነበረው ጋር ካወዳደራችሁት ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው፣ ስፌቱ ኮርኒያውን (ከዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን) እየጎተተ እይታ ያዛባል። ግን ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ብቻ ተቀዶ ያለ ስፌት በእጅ የሚሰራው ለምን ከድሮው ጋር ተደባለቀ? ቅዱ ራሱ ስለሚገጥም ክር እምብዛም አያስፈልገውም፣ ሞራው እስኪጠቁርና እስኪጠጥር ለቆየበት ሰው ደግሞ ፋኮው ሌንሱን ለመሰባበር ብዙ አልትራሳውንድ ስለሚጠቀም የኮርኒያው የውስጥ ሴሎች ሊጎዱ ይችላሉ፣ ያኔ በማግስቱ መሸፈኛው ሲነሳ ሰውዬው የሚያየው ጉም ነው፣ አንዳንዴም ቶሎ አይለቀውም። የሌንሱ ከረጢት (ሌንሱን የያዘው ስስ ሽፋን) መቀደድም ቢሆን በሐኪሙ ልምድ ላይ በጣም ይወሰናል፣ ፋኮ ገና እየተማረ ባለ እጅ ይበዛል። ይሄ ሳይለይ ማወዳደር ኦፕራሲዮኑን የሚፈራ ታካሚን የበለጠ ግራ ያጋባል።

በሚቀጥለው እትም ሦስቱን ዘዴዎች ለየብቻ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አውጡ፣ የኮርኒያ እብጠት፣ የከረጢት መቀደድና ኢንፌክሽን በሞራው ጥንካሬና በሐኪሙ ልምድ ተከፋፍለው ይቀመጡበት።