ለልጄ፤ ስለ ተበታተነችው መኪናህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም አያትህም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትህ ከአሜሪካ ደውላ «ሲልቨር ስፕሪንግ በረዶ ጀምሯል» ስትለኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እዚህ ጥለኸው የሄድኸው ወፍራም ሹራብህ ነው። ሌላ ትግዛልህ ብያታለሁ፤ እምቢ እንዳትል።

ቅሬታህም ደርሶኛል። ለልደትህ ባለ ሪሞት መኪና ጠይቀህ የመጣልህ ፕላስቲክና ቪቴ የታጨቀበት ካርቶን ነው። «ማሚ፣ መኪናዋ እኮ የለችም፣ ያለው ዕቃዋ ነው» ብለህ የላክኸውን ድምፅ ለሥራ ባልደረቦቼ አሰማኋቸው፤ ስቀን ልንሞት ነበር። አክስትህን ግን አትውቀሳት። ተገጥሞ ያለቀውን ልትገዛልህ ሱቅ ገብታ ስትደውልልኝ «እሱን ተዪው፣ ያልተገጠመውን ውሰጂለት» ያልኳት እኔ ነኝ። ያለቀለት መኪና የሚያጫውትህ እስኪሰበር ነው። መሰበሩ ደግሞ አይቀርም፤ ሪሞት ይዞ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ያልመታ ልጅ አይቼ አላውቅም። በዚያን ጊዜ አክስትህን «ውሰጂና አሠሪልኝ» እንድትላት አልፈልግም። የትኛው ክፍል እንደተሰበረ በስሙ ጠርተህ፣ እሱን ብቻ ገዝተህ፣ ራስህ እንድትቀይረው ነው የፈለግሁት።

የመመሪያው ደብተር እኔም ጋ አለ። ከኢንተርኔት አውርጄ የማስተምርበት ኮሌጅ ማተሚያ ላይ አትሜዋለሁ (ለኃላፊው እንዳትነግርብኝ)። አሁን ክፍል ውስጥ ይዤው እየገባሁ ነው፤ ተማሪዎቼ የእውነተኛ መኪና አክስል (ጎማዎቹን የሚይዘውን ዘንግ) ከመፍታታቸው በፊት ሥዕል ማንበብ ይለማመዱበታል። ከገጽ ገጽ እየተከተልኩህ ነውና ዘልዬ አልፋለሁ ብለህ አታስብ።

የሠራው ድርጅት ታሚያ፣ ጃፓን ውስጥ ሺዙኦካ የምትባል ከተማ ነው ያለው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1946 ሲመሠረት እንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ቀስ በቀስ የእንጨት ሞዴል ወደ መሥራት፣ ከዚያም ወደ ፕላስቲክ ዞረ። የመጀመሪያዋን በሬዲዮ የምትነዳ መኪናቸውን፣ ፖርሽ 934ን፣ በ1976 አወጡ። የፖርሽን ሞዴል በትክክል ለመሥራት ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝተው እየለኩ እስከ ቡሎኗ ፈቷት። መልሶ መግጠሙ ሲያስቸግራቸው የፖርሽን ባለሙያዎች ለመጥራት ተገደዱ ይባላል። አዲስ ተማሪ በመጣ ቁጥር ይህን አወራለሁ፤ መፍታት ማንም ይፈታላ።

ያንተዋ ቲቲ-02 የምትባለው ናት። ከእውነተኛው መኪና 10 ጊዜ ያነሰች፣ በአራቱም ጎማ የምትጎተት። ከመጀመርህ በፊት የምለምንህ አንድ ነገር አለ፤ አክስትህ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ያለውን ካቻቢቴ እንዳትነካው። የሳጥኑ ቪቴዎች የጃፓን ስታንዳርድ ናቸው። ራሳቸው የመደመር ምልክት ስላለው ተራ የፊሊፕስ ካቻቢቴ የሚገባ ይመስላል፤ ጠበቅ ስታደርገው ግን ጫፉ እየሸሸ የቪቴውን ራስ ይበላዋል። ራሱ የተበላ ቪቴ ማውጣት ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቀኝ። ለእነሱ የተሠራ ካቻቢቴ ርካሽ ነው፤ ገንዘቡን ለአክስትህ ልኬያለሁ።

ቪቴዎቹ ፊደል በተጻፈባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ተከፋፍለው ነው የሚመጡት። ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንዳትቀድ፤ የደረስክበትን ብቻ። መመሪያው ላይ እያንዳንዱ ቪቴ በትክክለኛ ቁመቱ ተስሏል፤ ሥዕሉ ላይ አጋድመህ ለካው። 8 ሚሊሜትር በሚገባበት 10 ብታስገባ በሌላው ጎን ይወጣና የሚዞር ነገር ይይዝብሃል። ፕላስቲክ ውስጥ የሚገባው ቪቴ ጥርሱን ራሱ እየቆረጠ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ ይከብድሃል። ራሱ ፕላስቲኩን ሲነካ ግን ቁም፤ ከዚያ በኋላ የምትጨምረው ግማሽ ዙር የቆረጠውን ጥርስ ይገፈዋል። ፈትተህ ስትመልሰው ደግሞ አስቀድመህ ቀስ አድርገህ ወደ ግራ አዙረው። «ቀጭ» ብሎ የድሮው ጥርሱ ላይ ሲወድቅ ጣትህ ይነግርሃል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ አጥብቀው። ይህን የሚያውቅ ሰው አንድ ፕላስቲክ 20 ጊዜ ፈትቶ ይገጥመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲፈረንሻሉ ጋ ስትደርስ ቴሌቪዥኑን አጥፋ።

መኪና ስትታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ደረቅ ዘንግ ቢያያዙ ኖሮ አንዱ መንሸራተት ግድ ይሆንበት ነበር። ፔከር የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ በ1827 መፍትሔውን በስሙ አስመዘገበ፤ ያሰበውም ለባለ እንፋሎት ሠረገላ ነበር። ያንተ እጅ ላይ ያለው ያው ዘዴ ነው። ትልቁ ማርሽ ውስጥ ሁለት ሾጣጣ ማርሾች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጎማ ይይዛሉ። በመካከላቸው ትንንሾቹ ሾጣጣ ማርሾች አሉ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ትንንሾቹ በራሳቸው ዘንግ ላይ አይዞሩም፣ ከትልቁ ጋር ተያይዘው ይሄዳሉ። ስትታጠፍ ግን መዞር ይጀምራሉ፤ ከአንዱ ጎማ የቀነሱትን ለሌላው ይጨምራሉ። ድክመቱን ደግሞ እዚህ ሰፈር አይተኸዋል፤ ክረምት ላይ ሚኒባስ ጭቃ ውስጥ ሲገባ አንዱ የኋላ ጎማ በከንቱ እየተሽከረከረ ሌላው ዝም የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው።

መኪናህ ሁለት ዲፈረንሻል አላት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። በመሀል አንድ ረጅም ዘንግ ያገናኛቸዋል፤ መሀል ላይ ሦስተኛ የለም። የድሮው ላንድክሩዘር አራቱ ጎማ ሲገባለት የሚሆነውን ማለት ነው። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ገልብጠህ ከገጠምከው ፊተኞቹ ጎማዎች ወደ ፊት ሲሉ ኋለኞቹ ወደ ኋላ ይላሉ፣ ማርሹም እርስ በርሱ ይጣላል። ትልቁ ጥርስ በየትኛው ጎን እንደሚውል ሥዕሉን ደጋግመህ እይ። ክዳኑን ሳትዘጋ ረጅሙን ዘንግ በጣትህ አዙረውና አራቱም መውጫዎች ወደ አንድ አቅጣጫ መዞራቸውን አረጋግጥ። ግራሶውን ጥርሱ ላይ ቀባ ቀባ ማድረግ ይበቃል፣ መሙላት አያስፈልግም። ሞተሩም ጎማውም ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን አንሥተህ አንዱን የኋላ ጎማ በእጅህ ወደ ፊት አዙረው። ሌላው በራሱ ወደ ኋላ ሲዞር ታያለህ። ተማሪዎቼ እውነተኛው አክስል ላይ ይህን ሲያዩ ያላመኑ ይመስል ደግመው ያዞሩታል።

የሒሳብ ጥያቄም አለኝ፣ እንዳታጉረመርም። ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሿ ማርሽ 22 ጥርስ፣ የምትነዳው ትልቋ 70 ጥርስ አላት። ከዚያ በኋላ ዲፈረንሻሉ ጋ ሌላ 2.6 ለ1 ቅነሳ አለ። 70ን ለ22 አካፍለህ በ2.6 ስታባዛ 8.27 ይመጣል፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ሞተሩ ከ8 ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 15,000 ጊዜ ዞረ እንበል፣ የጎማውም ዲያሜትር (ከዳር እስከ ዳር በመሀሉ ሲለካ) 6.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች? እኔ 22 አካባቢ አግኝቻለሁ። ለሩጫ የማይበቃ ከመሰለህ ከፊቷ ቆመህ ሞክራት።

ከካርቶኑ ውጪ ገንዘብ የሚገባው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ኩሽኔታ። በአብዛኛው ሳጥኑ ውስጥ ዘንጎቹ የሚቀመጡባቸው ቀለበቶች ፕላስቲክ ናቸው። አቧራ ሲገባባቸው ይበላሉ፣ ዘንጉም መወላወል ይጀምራል። በውጭ 11፣ በውስጥ 5 ሚሊሜትር የሆነ ኩሽኔታ ከመጀመሪያው አስገባበት፤ በኋላ ልቀይር ብትል መኪናዋን በሙሉ መፍታት ነው። ድረ ገጹ ላይ የሚያብለጨልጩት ሰማያዊ የአልሙኒየም ዕቃዎች ጌጥ ናቸው፣ አትይብኝ። ቪቴ እንዳይላላ የሚቀባውንም ፈሳሽ ተጠንቀቀው፤ ብረት ከብረት ጋ ሲገናኝ ብቻ ነው፣ ፕላስቲክ ከነካ ያሰነጥቀዋል። የሞተሯ ትንሿ ማርሽ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አድርግ፤ ቪቴዋም የሞተሩ ዘንግ ጠፍጣፋ ወገን ላይ ማረፏን እይ።

አጎትህ በልጅነቱ ከሽቦና ከቆርኪ የሚሠራት መኪና የፊት ጎማዎቿ በአንድ ሽቦ ላይ ነበሩ፣ አክስሉ በሙሉ ነበር የሚዞረው። ያንተ ላይ እያንዳንዱ የፊት ጎማ የራሱ መታጠፊያ አለው፤ ሁለቱን የሚገፋቸው ሰርቮ የምትባል ትንሽ ሞተር ናት። ሰርቮዋን ዝም ብለህ እንዳትገጥማት። መጀመሪያ ከሬዲዮው (ከሪሞቱ) እና ከባትሪው ጋር አገናኛት፣ የሬዲዮውን ማስተካከያ ዜሮ ላይ አድርግ፣ መሀል ላይ ቆማ ሳለች ክንዷን ግጠም። ይህን የዘለለ ሰው መኪናው ወደ ቀኝ በደንብ ታጥፋ ወደ ግራ እምቢ ትለውና ሬዲዮውን ይወቅሳል። ስትጀምር ሁልጊዜ ሬዲዮውን አስቀድመህ አብራ፣ ስትጨርስ መኪናዋን አስቀድመህ አጥፋ። ትእዛዝ የሚሰጣት ሳይኖር ባትሪ ካገኘች ምን እንደምትሠራ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ባትሪውን በተመለከተ ከአክስትህ ጋር ተስማምተናል፤ 6 ሴል ያለው፣ እያንዳንዱ 1.2 ቮልት፣ ባጠቃላይ 7.2 ቮልት የሆነው ኒኬል ነው የሚገዛልህ። ጓደኛህ ሊፖ (የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) ይሻላል እንዳለህ ነግራኛለች። ፍጥነቱስ እውነት ነው። ግን ከተበሳ ወይም ያለልኩ ከተሞላ እሳት የሚይዝ ባትሪ በሰው ቤት ቤዝመንት ውስጥ አላስቀምጥም። በጋ ሲመጣ እንነጋገራለን።

ቦዲዋ ብርጭቆ መስላ ስትመጣ አትደንግጥ። ፖሊካርቦኔት ናት፣ የምትቀባውም ከውስጥ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ጥቁሩ ቀድሞ ነጩ ይከተላል። በሳህን ሳሙና አጥበህ አድርቃት፣ መስኮቶቹን ከውስጥ ሸፍን፣ ከዚያ በስሱ ደጋግመህ ንፋ። ለፖሊካርቦኔት የተሠራውን ስፕሬይ ብቻ ተጠቀም፤ ሌላው ቀለም በመጀመሪያው ግጭት ይላጣል። በብርድ ጣሳው በደንብ አይነፋም፣ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆየው። የሞቀ ውኃ አላልኩም፣ ለብ ያለ። ጋራዡን ከፍተህ ቀባ እንጂ ቤት ውስጥ አይሆንም። ከውጪ ያለውን ስስ ላስቲክ የምትልጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያን ደስታ ለማንም እንዳትሰጥ።

ቀለሙን አንተ ምረጥ። አያትህ «ሰማያዊና ነጭ፣ እንደ ድሮው ታክሲ» ብላለች፤ መልእክቱን አድርሻለሁ፣ ግዴታ የለብህም።

የኋለኛውን ዲፈረንሻል ክዳን ከመዝጋትህ በፊት በቪዲዮ ደውልልኝና አብረን እንየው። እናንተ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ቅዳሜ ከሆነ ነቅቼ እጠብቃለሁ። የአክስትህን የምግብ ጠረጴዛ በካርቶን ሳትሸፍን ግን እንዳትጀምር፤ ግራሶ ከጨርቅ አይለቅም፣ ስልኩ ደግሞ የሚደወለው ለእኔ ነው።

እናትህ
አዲስ አበባ