የዓርብ በያይነቱ ወዴት ሄደ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከብሔራዊ ቲያትር ጀርባ ምሳ ቤት የከፈትኩት በ2003 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዓርብ ማለት ሰልፍ ነበር። ጾም ስለሆነ የቢሮው ሰው ሁሉ በያይነቱ ይላል፤ ሰባት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ምስሩም ጎመኑም ተጠርጎ ያልቃል። አሁን ከሳምንቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው ዓርብ ነው። 60 ሰው በማበላበት ቀን 20 ሰው ከገባ ተመስገን እላለሁ።

ደንበኞቼ ተቀይመውኝ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኞቹና የሶፍትዌር ልጆቹ ሰኞና ዓርብ ከቤት ነው የሚሠሩት። በ2007 4ጂ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ስልካቸውን ደርድረው የማን እንደሚፈጥን ሲፎካከሩ ትዝ ይለኛል። ዛሬ ፈጣኑ ኢንተርኔት ኮንዶሚኒየማቸው ድረስ ገብቶላቸዋል። የታክሲ ሰልፉን የማውቅ ሰው ነኝና አልፈርድባቸውም።

ባለፈው ወር አንዷ ደንበኛዬ ወልዳ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልላት ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ከብሎኩ ሥር ጀበና ቡና የምታፈላውን ልጅ ላፕቶፕ የያዙ ወጣቶች ከበዋታል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ጢም ብሎ ይሞላል። ምሳስ? ስል ጠየቅኩ። የአራሷ ባል፣ «እትዬ፣ ምሳማ ዳቦ በሻይ ነው» አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔ ጋ የሚተርፈው ምግብ እዚያ ይፈለጋል ማለት ነው።

ወዲያው ቤት ጠየቅኩ። እንደሚታወቀው ኮንዶሚኒየም መኖሪያው በዕጣ ሲደርስ የንግድ ቤቱ የሚሸጠው በጨረታ ነው፤ ጨረታ ደግሞ ገንዘብ ላለው ነው። እዚያ ብሎክ ሥር ካሉት ሱቆች ሦስቱ እንደተቆለፉ ናቸው። የአንዱ ባለቤት የጠየቀኝ ኪራይ መሀል ከተማ ከምከፍለው አይተናነስም፤ በዚያ ላይ የስድስት ወር ቅድሚያ ይላል።

አብረውኝ ከሚሠሩት አራት ሴቶች ሁለቱ የሚኖሩት ቱሉ ዲምቱ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ ሁለት ታክሲ ቀይረው መጥተው ወጥ የሚሠሩት እዚያው ሰፈራቸው ለቀረ ሰው ሆኗል። የከተማው አስተዳደር የንግድ ቤት ለጨረታ ሲያወጣ፣ ከየብሎኩ አንዲት ክፍል እንኳ በማኅበር ለተደራጁ ምግብ ሠሪዎች በሚቻል ኪራይ ያስቀርልን። እኛ ሦስታችን ለመደራጀት ዝግጁ ነን።

የምሳ ቤት ባለቤት
ከብሔራዊ ቲያትር አካባቢ